ለሊዶቻችሁ የቴክስት መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ ይዤ የምሠራ የቤት ኤጀንት ነኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይተው ፍሬድሪክን ወይም ላውረልን የሚያማትሩ፣ አሌክሳንድሪያ ያለቻቸውን ኮንዶ ሸጠው ውድብሪጅ ታውንሃውስ የሚፈልጉ። ፈቃድ በቅርቡ ያወጡ ልጆች ሲደውሉልኝ ከኮሚሽን ቀጥሎ የሚያነሱት ጥያቄ «ለሊዶችህ በምንድን ነው ቴክስት የምታደርገው?» የሚል ነው። ሊድ የምንለው ቤት ሊገዛ ወይም ሊሸጥ አስቦ ስልኩን የሰጠንን፣ ገና ደንበኛ ያልሆነ ሰው ነው። የአንድ ኩባንያ ስም ነግሬ ስልኩን ብዘጋ ደስ ይለኝ ነበር፤ መልሱ ግን እንደዚያ አያጥርም።

መሣሪያውን፣ ማለትም ቴክስት የሚልከውን ሶፍትዌር፣ የሚሸጡት ሰዎች ዴሞ ላይ የሚያሳዩን መላኩን ነው። ይህን ያህል ሺህ ሰው፣ በአንድ ጠቅታ፣ ያውም ቡናችሁን እየጠጣችሁ። መላክ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። እኔ የማውቀው አበሻ ደንበኛ ቤት የሚያህል ነገር በቴክስት አይጨርስም፤ ድምፅ መስማት ይፈልጋል፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁም ሳያጣራ አይቀርም። በዚያው ልክ ከማያውቀው ቁጥር የተደወለ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ለእኛ ሥራ ቴክስት በር ማንኳኳት ነው፦ ማን እንደሆኑ ተናግሮ፣ በምን ጉዳይ እንደመጡ ገልጾ፣ «ልደውል?» ብሎ መጠበቅ። መሣሪያዎቹን ሳወዳድር የመዘንኩት ሰውየው ከመለሰልኝ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው።

መጀመሪያ የማየው ቁጥሩ ተመልሶ የሚደወልበት መሆኑን ነው። ባለ5 ወይም ባለ6 አሃዝ አጭር ቁጥሮች ለባንክና ለፋርማሲ ይመቻሉ፤ ሰው ግን ሊደውልባቸው አይችልም። ተራ ባለ10 አሃዝ ቁጥር የሚሰጡ መሣሪያዎችም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ሲደወልባቸው ዝም ይላሉ ወይም ቁጥሩ አገልግሎት እንደማይሰጥ የሚናገር ቅጂ ያሰማሉ። አንዲት እናት ያንን ከሰሙ በኋላ ሁለተኛ አይመልሱላችሁም፤ አጭበርባሪ ሆናችኋል ማለት ነው። በነፃ የሙከራ ጊዜው ውስጥ ወደ ሌላ ስልካችሁ አንድ መልእክት ላኩና መልሳችሁ ደውሉበት። ወደ ሞባይላችሁ ካልዞረ ተዉት። የአካባቢ ኮዱም ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ 703፣ 571፣ 301 ወይም 240 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የጎረቤት ሰው ይመስላል፤ በ800 የሚጀምረው የኢንሹራንስ ሻጭ ይመስላል።

ሁለተኛው ፈተና አውቶማቲክ መልእክቶቹ ሰው ሲመልስ መቆማቸው ነው። ድሪፕ የሚባለው፣ ዛሬ አንድ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ፣ በሳምንቱ ሌላ እያለ የሚሄደው፣ ሰውየው «እሺ ነገ ደውልልኝ» ካለ በኋላም «አሁንም ቤት እየፈለጉ ነው?» ብሎ ከላከ የገነባችሁትን ያፈርሰዋል። በሙከራ ጊዜው ለራሳችሁ ድሪፕ ክፈቱ፣ በአማርኛ መልሱ፣ ከዚያ ቀጣዩ መልእክት ይመጣ እንደሆነ ጠብቁ። በእንግሊዝኛ ብቻ አትሞክሩት። መልሱ በስልካችሁ ላይ ወዲያው ድምፅ እያሰማ መድረስ አለበት፤ ኮምፒውተር ላይ ገብታችሁ ስታዩ ብቻ የሚገኝ ከሆነ አይጠቅማችሁም፤ ኤጀንት መኪና ውስጥ ነው የሚውለው።

አሁን ማንም ሻጭ ወደማይነግራችሁ ነገር ልምጣ፦ የአማርኛ ዋጋ። ቴክስት የሚከፈለው በክፍል ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ክፍል 160 ፊደል ይይዛል። የእኛ ፊደል ከገባ ግን መልእክቱ በሌላ ኮድ ስለሚላክ አንዱ ክፍል 70 ፊደል ብቻ ይሆናል፤ ከአንድ ክፍል ካለፈ ደግሞ እያንዳንዱ ወደ 67 ይወርዳል፣ ምክንያቱም ክፍሎቹን መልሶ የሚያገጣጥመው ምልክት ቦታ ይወስዳል። በእንግሊዝኛው በኩል ያለው ተመጣጣኝ ቁጥር 153 ነው።

በቁጥሩ ብቻ አትደንግጡ። አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ በ70 ፊደል ብዙ ማለት ይቻላል። እኔ የምጠቀምበት አንድ መልእክት እነሆ፦ «ሰላም አቶ ዳዊት፣ ስለ ውድብሪጁ ታውንሃውስ ጠይቀው ነበር። ዛሬ ማታ ልደውል ወይስ ነገ?» ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 56 ነው። በአንድ ክፍል ይገባል። የመጀመሪያው መልእክት ላይ ግን ስሜንና የምሠራበትን ድርጅት፣ እንዲሁም መልእክት ማቆም ቢፈልጉ ምን እንደሚያደርጉ መጨመር ስላለብኝ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ክፍል ይሆናል። አንዱ ክፍል ከአንድ ሳንቲም ብዙ ስለማይርቅ ለጥቂት ሰው ስትልኩ አይሰማችሁም፤ ለሁሉም ሊስታችሁ የበዓል ሰላምታ ስትልኩ ግን ይሰማችኋል። በወር ይህን ያህል «ክሬዲት» ብለው የሚሸጡ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ 1,000 ክሬዲት የተባለው ረዘም ባለ አማርኛ 400 መልእክት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን የአማርኛ መልእክት በመሣሪያው መጻፊያ ላይ ለጥፉና ስንት ክፍል ብሎ እንደሚቆጥር እዩ። ፊደል ቆጣሪው 160 ላይ ቆሞ ከቀረ፣ ሒሳቡን የምታውቁት ቢል ሲመጣ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ድብልቁ ነው። መልእክቱ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ሆኖ የደንበኛው ስም በአማርኛ ፊደል ከተመዘገበ፣ ያ አንድ ስም መልእክቱን በሙሉ ወደ 70 ያወርደዋል። 150 ፊደል የነበረውና በአንድ ክፍል የሚሄደው መልእክት ሦስት ክፍል ይሆናል። ኢሞጂም እንዲሁ ነው፤ ያቺ የቤት ሥዕል ነፃ አይደለችም። ስለዚህ የስም መዝገቤ ላይ ስሙን በሁለቱም ፊደል፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው የምይዘው፤ አንዱ ለእንግሊዝኛ መልእክት፣ አንዱ ለአማርኛ። ተጨማሪ መዝገብ ቦታ መክፈት የማይፈቅድ መሣሪያ ለእኔ አይሆንም። ረጅም አማርኛ መላክ ካለባችሁ ደግሞ በሥዕል መልእክት መልክ፣ ማለትም ኤምኤምኤስ አድርጎ መላክ አንዳንዴ ይረክሳል። በአንዳንድ መሣሪያዎች አንዱ ኤምኤምኤስ እንደ ሦስት ክፍል ስለሚቆጠር ከዚያ በላይ የሚረዝመው ጽሑፍ በዚያ መንገድ ቢሄድ ይሻላል።

ስም ካነሳሁ አይቀር፣ እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። «ክቡር ሚስተር» ብሎ የመጨረሻውን ስም የሚጎትት ዝግጁ ጽሑፍ አቶ ዳዊትን ትቶ አባታቸውን ያናግራል። አስተካክሉት። ከመሣሪያው ጋር የሚመጡት ዝግጁ መልእክቶች ወደ አማርኛ ሲገለበጡ ደግሞ አንዴ «ፈልገሃል» አንዴ «ፈልገሻል» ይላሉ። እኔ አውቶማቲክ የሚሄደውን ሁሉ በእርስዎ ጽፌዋለሁ፤ ልጅ ከሆነና «ኧረ አንተ በለኝ» ካለ ከዚያ ወዲያ በእጄ እጽፍለታለሁ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። «ነገ በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ ብትልኩ ግማሹ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ብሎ ይረዳል፣ ግማሹ ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ቤቱ በር ቆሞ ይደውልላችኋል። የቀጠሮ ማስታወሻ ላይ ሁሌ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» እጨምራለሁ፣ «በአሜሪካ ሰዓት» የሚለውንም አልተውም። ሰው የሚስቅብኝ ቢሆንም በር ላይ አስቁሞ ከማስቀየም ይሻላል።

ወደ ምዝገባው ልለፍ፤ አዲስ ኤጀንቶች የሚያማርሩት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሶፍትዌር፣ በተራ ባለ10 አሃዝ ቁጥር ቴክስት የሚልክ የንግድ ሥራ ሁሉ መመዝገብ አለበት። 10ዲኤልሲ ይሉታል። ማን እንደሆናችሁ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፣ ምን ዓይነት መልእክት እንደምትልኩ ደግሞ ለብቻው ይመዘገባል። መረጃው የሚቀመጠው ዘ ካምፔይን ሬጂስትሪ የሚባል ተቋም ዘንድ ሲሆን ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲና ቲ-ሞባይል ያንን እያዩ ያሳልፋሉ ወይም ያግዳሉ። ከ2023 ኦገስት መጨረሻ ወዲህ ትልልቆቹ አቅራቢዎች ካልተመዘገበ ቁጥር የሚላከውን መልእክት ጭራሽ አያሳልፉም። «ምዝገባ አያስፈልግም፣ ዛሬውኑ ጀምሩ» የሚል መሣሪያ ካጋጠማችሁ በየትኛው መንገድ እንደሚልክ ጠይቁት።

ምዝገባው በኢአይኤን፣ ማለትም የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ለንግድ ሥራ በሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ቢሆን ይመረጣል። ኢአይኤን የሌለው ሰው በግሉ የሚመዘገብበት መንገድ አለ፤ ግን በቀን የሚላከው መጠን ትንሽ ነው፣ ቁጥሩም ውስን ነው። ኢአይኤን ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነፃ ይወጣል፤ ገንዘብ የጠየቃችሁ ካለ ደላላ ነው። የእኛ ሰው የሚቸገረው በስሙ አጻጻፍ ነው። በኤጀንትነት ፈቃዳችሁ ላይ ስማችሁ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፎ፣ በአይአርኤስ ደብዳቤ ላይ አንድ ፊደል ተደርቦበት ወይም ተቀንሶበት ከሆነ ምዝገባው ይወድቃል። የምትሞሉት በአይአርኤስ ደብዳቤ ላይ ያለውን ነው፤ ነጥብና ክፍተቱ ሳይቀር።

የምዝገባው ሁለተኛ ደረጃ፣ ምን ዓይነት መልእክት እንደምትልኩ የሚመዘገብበት፣ የሚወድቀው በድረ ገጻችሁ ምክንያት ነው። ሰው ስልኩን የሚሞላበት ቅጽ ላይ፣ መልእክት ለመቀበል መስማማቱን የሚያሳይ ራሱ የሚነካው ሳጥን መኖር አለበት፤ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት መቅረብ የለበትም። የግላዊነት መግለጫችሁ ላይ ደግሞ የስልክ ቁጥሩንና ስምምነቱን ለሦስተኛ ወገን እንደማታጋሩ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይፈለጋል። እኔ ናሙና መልእክቶቹን በእንግሊዝኛ አቅርቤ፣ በአማርኛም እንደምልክ በመግለጫው ላይ ጠቀስኩ። ካለፋችሁ በኋላም ቢሆን እንደ ቢትሊ ያሉ አሳጣሪ ሊንኮችን አትጠቀሙ፤ የስልክ ኩባንያዎቹ ማጣሪያ ይጠረጥራቸዋል። የድርጅታችሁን ሙሉ አድራሻ ላኩ። ረጅም ነው፣ አዎ።

የሕጉን ነገር ከብሮከራችሁ፣ ማለትም ከምትሠሩበት ድርጅት ኃላፊ፣ ጋር ተነጋገሩበት፤ እኔ የምለው መሣሪያ ስትመርጡ የሚያስፈልጋችሁን ያህል ነው። ያልተፈቀደ የንግድ ጥሪና ቴክስት የሚገድበው፣ ቲሲፒኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግ የ1991 ነው። ሕጉን ለጣሰ አንድ መልእክት 500 ዶላር፣ እያወቁ ለተጣሰ እስከ 1,500 ዶላር ካሳ ያስጠይቃል። በአንድ መልእክት ነው እንግዲህ፤ ለ200 ሰው የላካችሁትን አባዙት። አትደውሉልኝ የሚለው አገር አቀፍ መዝገብ ለቴክስትም እንደሚሠራ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኤፍሲሲ በግልጽ ደንግጓል። ሰውየው በመዝገቡ ላይ ቢኖርም እሱ ራሱ ስለ ቤት ጠይቋችሁ ከሆነ ለ3 ወር፣ ከእናንተ ጋር ገዝቶ ወይም ሸጦ ከሆነ ለ18 ወር ልታነጋግሩት ትችላላችሁ፤ በጽሑፍ ፈቅዶላችሁ ከሆነ እስኪሰርዘው ድረስ። እንግዲህ መሣሪያው ፈቃዱ መቼ፣ በየት በኩል፣ በምን ቃል እንደተሰጠ መያዝ ካልቻለ የሸጣችሁ ግማሽ ዕቃ ነው።

የእኛ ኤጀንቶች ሊድ የሚያገኙት ደግሞ በመደበኛው መንገድ ብቻ አይደለም። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ስለ ዳውን ፔይመንት ያወራሉ፤ ሰዉ ስልኩን ኮሜንት ላይ ይጽፋል። ያ የጽሑፍ ፈቃድ አይሆንም፣ ቁጥሩንም አጭበርባሪዎች ይለቅሙታል። እኔ ላይቭ ላይ የምናገረው አንድ ቃል ነው፦ ይህንን ቃል በዚህ ቁጥር ቴክስት አድርጉ። ሰውየው ራሱ ከጻፈ መሣሪያው ቀኑንና ቃሉን ይመዘግባል፣ የመጀመሪያው አውቶማቲክ መልስም ማን እንደሆንኩና እንዴት ማቆም እንደሚችል ይነግረዋል። ይህ በቁልፍ ቃል መመዝገብ የሚባለው አገልግሎት ርካሽ ዕቅዶች ላይም ይገኛል፣ እና ለእኔ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል። ኦፕን ሃውስ ላይም፣ ቤቱ ለጎብኚ ሁሉ ክፍት በሚሆንበት ቀን፣ ወረቀት ትቼ በስልካቸው የሚሞሉት ቅጽ አደረግኩ፤ የሳጥኗ ምልክት እዚያው ትገባለች። የቤተ ክርስቲያን ወይም የዕድር አባላት ዝርዝር ከሰው ተቀብላችሁ መሣሪያው ላይ አትጫኑ። ፈቃድ ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም፣ ደግሞም ነውር ነው።

የሰዓቱ ገደብ በፌዴራል ሕግ በተቀባዩ ሰዓት ከጠዋቱ 8 እስከ ማታ 9 ነው። ሜሪላንድ ከ2024 ጃንዋሪ ጀምሮ በራሷ ሕግ ማታውን ወደ 8 አውርዳዋለች፤ በአንድ ጉዳይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይም አይቻልም። ሕጉ ይህ ነው፤ ኑሯችን ግን ሌላ ነው። ነርሲንግ ሆም ሌሊት የምትሠራ እህት ጠዋት 10 ሰዓት ላይ እንቅልፏ ገና መጀመሩ ነው። ዱለስ ፓርኪንግ የሚሠራው ወይም ኡበር የሚነዳው ሌላ ሰዓት አለው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው፣ ዓርብ ቀትር ጁምዓ ነው። በመጀመሪያው ስልክ «ቴክስት ባደርግ የሚመችዎት መቼ ነው?» ብዬ እጠይቅና ሰዓቱን ከስሙ ጋር እመዘግባለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ሰዓት ይዞ የሚልክ መሣሪያ አለ፣ ለሁሉም አንድ ሰዓት ብቻ የሚይዝም አለ። ልዩነቱ ዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይታይም፤ ሻጩን ጠይቁት።

አሁን ደግሞ ማቆም ስለሚፈልግ ሰው። ማናቸውም መሣሪያ በእንግሊዝኛ ፊደል ስቶፕ ብሎ የጻፈን ሰው በራሱ ይሰርዘዋል። እናታችን ግን በአማርኛ ፊደል «ስቶፕ» ብለው ይልካሉ፤ መሣሪያው አያውቀውም። ወይም «ልጄ፣ ቤት ገዝቻለሁ፣ ከእንግዲህ አትላክልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ይመርቁና ይሰናበታሉ። ከ2025 ኤፕሪል 11 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኤፍሲሲ ደንብ መሠረት ሰው በማንኛውም ምክንያታዊ መንገድ ፈቃዱን ሊሰርዝ ይችላል፤ ጥያቄው ደግሞ ቢበዛ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ያ የምርቃት መልእክት በሕግ ዓይን ስቶፕ ነው። ቨርጂኒያም ከ2026 ጃንዋሪ ወዲህ በቴክስት አቁሙ ያለ ሰው ጥያቄ ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲከበር ታዝዛለች። እኔ የምጠቀምበት መሣሪያ የራሴን የማቆሚያ ቃላት እንድጨምር ስለሚፈቅድ «ስቶፕ»፣ «አቁም»፣ «አትላክ» የሚሉትን አስገብቻለሁ። ምርቃቱን ግን እያነበብኩ በእጄ ነው የምሰርዘው።

ዋትስአፕና ቴሌግራምስ ትሉኝ ይሆናል። ሰዎቻችን በብዛት ያሉት እዚያ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከተዋወቅን በኋላ ግማሹ ንግግራችን፣ በተለይ የድምፅ መልእክቱ፣ ወደዚያው ይዞራል። ለመጀመሪያ መተዋወቂያ ግን አልመርጠውም። የዋትስአፕ ቢዝነስ ብሮድካስት በአንድ ዝርዝር 256 ሰው ነው፤ የሚደርሰውም ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ላስቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ገና የማያውቃችሁ ሊድ ደግሞ አላስቀመጠም። በሶፍትዌር በኩል የሚሄደውን የማስታወቂያ መልእክት የዋትስአፕ ባለቤት ሜታ ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ ወደ አሜሪካ ቁጥሮች ማድረስ አቁሟል። ቴሌግራም ቻናል ጥሩ ነው፣ ግን ማን እያነበበ እንደሆነ አታውቁም። በዚያ ላይ እዚህ ያለው ሰው ዋትስአፕና ቴሌግራም ከአዲስ አበባ በሚመጣ የአፓርታማ ማስታወቂያ ተጥለቅልቋል፤ የእናንተም መልእክት ከዚያ ጋር አብሮ ይታለፋል።

በራሳችሁ ስልክ መላክስ? በወር የምታገኙት ሊድ በጣት የሚቆጠር ከሆነ ምንም ነገር አትግዙ። በእጃችሁ ጻፉ፣ የተስማማበትን ቀን በማስታወሻ ያዙ፣ በቃ። አንድ ነገር ብቻ፦ ለብዙ ሰው በግሩፕ አትላኩ። ሁሉም የሁሉንም ቁጥር ያያል፣ አንዱ «ማነህ?» ሲል ለሁሉም ይደርሳል፣ አክስቱን እዚያ ያገኘ ሰው ደግሞ ቤት ሊገዛ መሆኑን ለዘመድ አውጃችሁበታል።

ሊዱ ሲበዛ ሲአርኤም፣ ማለትም የደንበኞችን መዝገብና መልእክት አንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር፣ ይመጣል። ድርጅታችሁ ቦልድትሬይልን ወይም ሌላ ሲአርኤም በነፃ ይሰጣችሁ ይሆናል፤ መጀመሪያ እሱን ሞክሩት፣ ምዝገባውንም ድርጅቱ ጨርሶት ሊሆን ይችላል። በራሳቸው ከሚገዙት ውስጥ ብዙ ኤጀንቶች የሚያነሱት ፎሎው አፕ ቦስን ነው፤ ከ2023 ወዲህ ባለቤቱ የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጹ ዚሎው ነው። እኔ ከአንድ መካከለኛ ሲአርኤም ጋር ነው ያለሁት፤ የመረጥኩት ከላይ የዘረዘርኳቸውን ስላሟላልኝ እንጂ ስሙ ስለገነነ አይደለም፣ ስሙን ብነግራችሁ ደግሞ ሳትሞክሩ ትገዙታላችሁ።

አሁን ሁሉም መሣሪያ የሚኩራራበት በኤአይ የሚመልስ ረዳት ነው። እኔ አጥፍቼዋለሁ። አማርኛው መቀላቀሉን ተዉት፤ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ደንበኞቻችን ያለ ምንም ክፋት «አበሻ የበዛበት ሰፈር ፈልግልኝ» ብለው ይጽፋሉ። «ቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው»፣ «እንትኖች የሌሉበት» የሚሉም አሉ። በ1968ቱ የፌር ሃውሲንግ ሕግ ሰውን በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር ወደ አንድ ሰፈር መምራት ለኤጀንት ክልክል ነው። ፊት ለፊት ሲጠየቅ ፈገግ ብሎ ርዕስ መቀየር ይቻላል፤ ቴክስት ግን የተጻፈ ማስረጃ ነው። ደንበኛን ለማስደሰት የተሠራ ማሽን እዚህ ላይ ምን እንደሚመልስ ማመን አልችልም። የእኔ መልስ የተዘጋጀ ነው፦ በየሰፈሩ ማን እንደሚኖር መናገር እንደማልችል፣ የሚፈልጉትን ዋጋ፣ ርቀትና የክፍል ብዛት ከነገሩኝ ቤቶቹን እንደምልክ፣ ሰፈሩን ደግሞ ቀንም ማታም ሄደው እንዲያዩት። «ቤተ ክርስቲያኔ ይህ አድራሻ ነው፣ ከዚያ በ15 ደቂቃ ውስጥ» ካሉኝ ርቀት ነውና እሠራበታለሁ። በዚሁ ምክንያት መዝገቤ ላይ የማንንም ሃይማኖት አልጽፍም። የበዓል ሰላምታ የምልከው ለእንቁጣጣሽ ብቻ ነው፣ ለሁሉም።

ከመሣሪያው ጋር የሚመጡት ዝግጁ ጽሑፎች ብዙዎቹ አርጅተዋል። «ዛሬ ማታ ቤቱን ላሳይዎት» የሚለው ከ2024 ኦገስት 17 ወዲህ እንደ ድሮው አይሠራም፤ በኤጀንቶች ማኅበር ስምምነት መሠረት ቤት ከማሳየታችን በፊት ገዢው የጽሑፍ ውል መፈረም አለበት። ስለዚህ ጥሩ ቴክስት ወደ ስልክ ንግግር ይወስዳል፤ ውሉን በስልክ አስረድቼ የመፈረሚያውን ሊንክ በዚያው ቁጥር እልካለሁ። ውሉ ሲፈረም የሚሄድ ሌላ አውቶማቲክ መልእክትም አለኝ፦ «የባንክ ሒሳብ ቁጥር በቴክስት ፈጽሞ አልልክም። በእኔ ስም ቢደርስዎት እንኳ ሳይከፍሉ ይደውሉልኝ።» የክሎዚንግ ገንዘብ፣ ማለትም የቤት ግዢው ሲጠናቀቅ የሚከፈለው፣ በሐሰተኛ መልእክት የሚሰረቅበት አገር ስለሆነ ይህን አንዷን ሁላችሁም ብትገለብጧት አልከፋም።

የመጨረሻው ጥያቄ ቁጥሩ የማን ነው የሚለው ነው። ኤጀንት ድርጅት ይቀይራል። ቁጥሩ በድርጅቱ ኢአይኤን ተመዝግቦ ከሆነ ስትወጡ ቁጥሩም፣ ፈቃዶቹም፣ ከደንበኛ ጋር የተጻጻፋችሁትም እዚያው ሊቀር ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ብሮከራችሁን በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። መሣሪያውን ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ቁጥሩን ወደ ሌላ አቅራቢ መውሰድ ይቻላል ወይ? የስም ዝርዝሩን ሳወርድ ፈቃዱ የተሰጠበት ቀንና አቁሙ ያሉት ሰዎች አብረው ይወጣሉ ወይ? አንዳንዱ ስምና ስልክ ብቻ ያወርድላችኋል። ያንን ይዛችሁ አዲሱ መሣሪያ ላይ ስትጭኑ ባለፈው ዓመት በምርቃት የተሰናበቱት እናት እንደ አዲስ ሊድ ሆነው ይገባሉ። እኔ ስለዚህ የአቁሙ ዝርዝሩን በየወሩ መጨረሻ ለብቻው አውርጄ ከመሣሪያው ውጭ አስቀምጣለሁ።